ከሪኳየርመንት ሰነድ ቀጥታ ኮድ ማስወጣት፦ በእውነተኛ ሥራ ላይ የሞከራችሁ አላችሁ?

አዌቱ ማዶ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ነው? ጅማ ነኝ፤ ፍሪላንስ እሠራለሁ። አንድ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የርክክብና የክፍያ ሲስተም እንድሠራለት ተነጋግረናል። ገበሬው እሸቱን ያመጣል፣ ይመዘናል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ይከፈለዋል። ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ የትርፍ ክፍፍል አለ።

ኮሚቴው ሲስተሙ ምን እንዲሠራ እንደሚፈልግ የሚዘረዝር፣ በደንብ የተተየበ የፍላጎት ሰነድ (ሪኳየርመንት) ሰጥቶኛል። ከሰነዱ ጋር ግን ጥያቄም መጣ። አንዱ አባል፣ ደግ ሰው ናቸው፣ «ይሄን ጽሑፍ ለኤአይ ብትሰጠው ኮዱን ራሱ አይጽፈውም እንዴ? ታዲያ የሁለት ወር የምንከፍልህ ለምኑ ነው?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

እናም ሰጠሁት። ስምና ስልክ ቁጥር የያዘውን አባሪ አውጥቼ፣ የቀረውን እንዳለ። ቡናዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ፎርሙ፣ ዳታቤዙ፣ ሪፖርቱ ወጣ። ይነሳል፣ ይሠራል፣ መልኩም ያምራል። ችግሩ ሰነዱ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ማሽኑ ዝም አለማለቱ ነው። ከራሱ ይሞላል።

ለምሳሌ ሰነዱ «ርክክብ ከ2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይካሄዳል» ይላል። ኮዱ የሚዛኑን ገጽ በፈረንጅ 2 ሰዓት ከፍቶ በፈረንጅ 11 ሰዓት ይቆልፈዋል። በኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ተዘጋ ማለት ነው። እሸት ደግሞ ሲለቀም ይውልና በብዛት የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። የአባላት መመዝገቢያውም «የቤተሰብ ስም» ካልተሞላ አያሳልፍም። የአባትና የአያት ስም የሚባል ነገር መኖሩን የነገረው የለም።

እነዚህን ማስተካከል ቀላል ነው። የሚያሳስበኝ ያላየኋቸው ናቸው። ሰነዱ በምን መልክ ቢጻፍ ነው የሚወጣው ኮድ የሚታመነው? ወይስ ነገሩ ከነጭራሹ ተረት ነው?

ባሻ ኮምፓይለር

ተረት አይደለም። አዲስም አይደለም።

ኮቦል የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲጠነሰስ እንግሊዝኛ እንዲመስል የተደረገው፣ ኮድ የማይጽፍ ሥራ አስኪያጅም አንብቦ እንዲገባው ተብሎ ነው። ሥራ አስኪያጆቹ አላነበቡትም። ፕሮግራመሩ ግን በዛ። በ1970ዎቹ ያክ የሚባል መሣሪያ መጣ፤ የቋንቋውን ሰዋስው ትሰጠዋለህ፣ ጽሑፉን በዚያ ሰዋስው የሚተነትነውን ፕሮግራም (ፓርሰሩን) ይጽፍልሃል። ይሄኛው እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ምክንያቱም የምትሰጠው ነገር ለሁለት አያከራክርም። በ2001 ደግሞ ኦኤምጂ የተባለው ድርጅት በሞዴል የሚመራ አሠራር ብሎ መጣ። ዩኤምኤሉን፣ ማለትም የሲስተሙን ንድፍ፣ ሣል፣ ኮዱ ይወጣል ተባለ። እኛም ሳጥንና ቀስት ስንስል ከረምን። የጃቫ ክላሱ ወጣ፤ ሆዱ ግን ባዶ።

የተሳካለት አለ። የኤርባስ ኤ380 የበረራ መቆጣጠሪያ ውስጥ ስኬድ ከሚባል መሣሪያ በቀጥታ የወጣ ኮድ አለ። ግን እዚያ ለመሣሪያው የሚሰጠው ጽሑፍ እንዳንተ ኮሚቴ «በአግባቡ ይመዘግባል» አይልም።

የድሮዎቹ ኮድ አውጪ መሣሪያዎች ያልገባቸው ነገር ሲገጥማቸው ስህተት ብለው ይቆማሉ። ያሁኑ ኤአይ አይቆምም። የሰርግ ቤት አስተናጋጅ ማለት ነው፤ «የለም» ማለት አልተማረም።

የቂጦ ልጅ

ጋሼ ባሻ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ድሮና ዘንድሮን አንድ ላይ አይደምሩብን 😀

እኔ የመመረቂያ ፕሮጀክቴ በዚሁ ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኮድ የሚጽፈው ኮዴክስ የተባለ የኤአይ ሞዴል ሲወጣ ሂዩማንኢቫል በሚባለው 164 ጥያቄ ባለው ፈተና ላይ በአንድ ሙከራ 28.8 በመቶውን ብቻ ነው የመለሰው። ከሱ የቀደመው ሞዴል፣ ጂፒቲ-3፣ በዚያው ፈተና ዜሮ ነበር። ዛሬ ያ ፈተና ለትልልቆቹ ሞዴሎች ቀልድ ሆኗል። በ2023 ከ12 የፓይተን ፕሮጀክቶች የተለቀሙ 2,294 እውነተኛ ችግሮች ያሉት ኤስደብሊውኢ-ቤንች ሲመጣ፣ ምርጡ ሞዴል 2 በመቶ እንኳ አልሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እንዴት እንደተተኮሰ ሁላችሁም አይታችኋል። ሰነዱን የሚረዳ ሞዴል ዛሬ ባይኖር ነገ አለ።

ባሻ ኮምፓይለር

ቁጥሩ ልክ ነው፣ ልጄ። ግን በሁለቱም ፈተናዎች ላይ መልሱ ልክ መሆኑን የሚያጣራውን ቴስት ሰው አስቀድሞ ጽፎ አስቀምጦታል። ማሽኑ አለፈ ወደቀ የሚባለው በዚያ ነው። የማኅበሩን ቴስት ማን ጻፈው?

ሒርማታ ዲጂታል

አቦ እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፣ ሰነድ አላችሁ። የኔ ደንበኛ ሪኳየርመንት የሚልክልኝ በቮይስ ነው። ረዥም ቮይስ፤ ከጀርባው ባጃጅ ይጮሃል፣ መሀል ላይ ለሌላ ሰው ሂሳብ ይመልሳል።

ሒሳብ ክፍል

እንደምን አመሻችሁ። እኔ ኮድ አልጽፍም፤ ይሄን ክር የላከችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። በሌላ ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የምውለው ሚዛኑ አጠገብ ነው።

የኔ ወንድም አዌቱ ማዶ፣ ሰነዱን የጻፈው ማነው? ኮሚቴው አልክ። ኮሚቴ ሚዛን ላይ አይቆምም።

የኛ መዝገብ ዓምዶች እነዚህ ናቸው፦ ቀን፣ የአባል ቁጥር፣ ስም፣ ያመጣው ሰው፣ ጠቅላላ ክብደት፣ ተቀናሽ፣ የተጣራ፣ ዋጋ፣ ብር፣ ፊርማ። «ያመጣው ሰው» የሚለው ሲታተም አልነበረም። በእስክሪብቶ ነው የተሰመረው። አባሉ አባትየው ነው፤ ቡናውን የሚያመጣው ልጁ ነው፣ አንዳንዴም ጎረቤት። ገንዘቡን ማን ወሰደ የሚል ጠብ ሲነሳ የሚገላግለን ይሄ ዓምድ ነው። በሰነዳችሁ ላይ አለ?

ተቀናሹም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። እሸቱ በማዳበሪያ ነው የሚመጣው። ደረቅ ማዳበሪያና ዝናብ የመታው ማዳበሪያ እኩል አይመዝኑም። የዝናብ ቀን ስንት እንደሚቀነስ መዛኙና የገበሬዎቹ ተወካይ ጠዋት ይስማማሉ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ያው ነው። ይህ ደንብ የትም አልተጻፈም። ሁሉም ያውቀዋላ!

የሥራ ሰዓቱም «እስከ 11» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ወረፋ የያዘ ሰው ሳይመዘን አይዘጋም። እሸት አያድርም፤ ካደረ ይበላሻል።

ስህተት ሲፈጠር ደግሞ፦ መፋቅ የለም፣ ፍሉድ መቀባት የለም። አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ የድሮው ቁጥር መነበብ አለበት። ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ ሁለት ሰው ይፈርማል። ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የተሰረዙትን ነው። እስቲ ኤአይ የሰጠህን ፎርም ክፈትና እይ፤ «አጥፋ» የሚል ቁልፍ አለበት?

አዌቱ ማዶ

አለበት፣ እትዬ። ቀይ ነው። «እርግጠኛ ነህ?» ይልና ያጠፋል። ምንም አይተውም።

እርስዎ ከጻፉ በኋላ ዋጋውንም ፈተሽኩት። ሰነዱ «ክፍያው በዕለቱ ዋጋ ይሰላል» ይላል፤ ሌላ ቃል የለም። ኮዱ ለአንድ ቀን አንድ ዋጋ ይይዛል። ብሩን ደግሞ ደረሰኙ ላይ አያስቀምጠውም፤ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ክብደቱን ከዋጋ ሠንጠረዡ ጋር እያባዛ ያሳያል። ከሰዓት ዋጋ ተቀየረ ብዬ አዲስ ቁጥር ሳስገባ የጠዋቱ ደረሰኞች ሁሉ አብረው ተቀየሩ። ገበሬው በእጁ የያዘው ወረቀት ሌላ፣ ስክሪኑ ሌላ።

ሒሳብ ክፍል

ወይ ጉድ። እሱማ ያስከስሳል። በወቅቱ ከሰዓት ስልክ ተደውሎ ዋጋ መቀየሩ የተለመደ ነው። ጠዋት ያስመዘነ በጠዋቱ ዋጋ ነው የሚከፈለው።

ቴስት ይቀድማል

ጅማ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁን አዲስ አበባ የሶፍትዌር ጥራት ላይ የምሠራ ነኝ። እትዬ ሒሳብ ክፍል፣ እርስዎን ቀጥረን ቢሆን ኖሮ ስንት ነገር በተረፈልን።

አዌቱ ማዶ፣ «በምን መልክ ይጻፍ» ላልከው፦ ኢርስ የሚባል አጻጻፍ አለ። በሮልስ ሮይስ የአውሮፕላን ሞተር መሐንዲሶች ዘንድ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ የቀረበ ነው። ብልሃቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከጥቂት ቅርጾች በአንዱ ይገባል፦ ሁሌም የሚሆን፣ አንድ ነገር ሲከሰት የሚሆን፣ አንድ ሁኔታ እስካለ ድረስ የሚሆን፣ ያልተፈለገ ነገር ሲደርስ የሚሆን፣ አንድ ተጨማሪ ነገር ከተገጠመ የሚሆን። አማርኛ ለዚህ ይመቻል። «ሲ»፣ «እስከ»፣ «ከ» እያልክ ትሄዳለህ። ያንተን ዋጋ ልሞክረው፦

«ገበሬው ቡናውን ሲያስመዝን፣ ሲስተሙ በዚያች ደቂቃ የጸናውን ዋጋ ከደረሰኙ ጋር ያስቀምጣል። ዋጋው በኋላ ቢቀየር፣ የተቆረጠ ደረሰኝ አይለወጥም።»

«የተቆረጠ ደረሰኝ ስህተት ከተገኘበት፣ ሲስተሙ የድሮውን ሳያጠፋ የማስተካከያ መዝገብ ይከፍታል፤ ሁለት ሰው እስኪያጸድቀው ድረስም ክፍያውን ይይዛል።»

ለሰውም ለማሽንም ይሄ ይሻላል። በተለይ «ያልተፈለገ ነገር ሲደርስ» የሚለው ቅርጽ ያስጨንቅሃል። መብራት ሲጠፋስ? ኔትወርክ ሲሄድስ? ሚዛኑ ዜሮ ካላለስ? ሰነድ የሚጽፍ ሰው ነገሩ ሰላም ሲሆን ያለውን ብቻ ነው የሚጽፈው።

ሁለተኛው ምክሬ፣ ለኤአዩ ሰነዱን ሰጥተህ መጀመሪያ ኮድ አትጠይቀው። «ኮድ አትጻፍ፤ ይሄ ሰነድ ያልመለሳቸውን ጥያቄዎች ዘርዝር» በለው። በዚህ ጎበዝ ነው፤ እኔ ከኮዱ ይልቅ በዚህ ነው የምጠቀመው። ግማሹ ጥያቄ እርባና ቢስ ይሆናል፤ ግማሹን ግን ወስደህ ሚዛኑ ላይ ያሉትን ሰዎች ትጠይቅበታለህ። የማዳበሪያውን ጉዳይ ግን አያነሳልህም። ማዳበሪያው እንደሚረጥብ አያውቅማ።

ሦስተኛ፣ ምሳሌ በቁጥር ጻፍ። ዋጋውን እንዲሁ ልያዝ፦ ጠቅላላ 42.5 ኪሎ፣ ተቀናሽ 0.5፣ በኪሎ 60 ብር፣ ክፍያ 2,520 ብር። ቀጥሎ፣ ዋጋው 9 ሰዓት ላይ 62 ሆነ፤ 8 ሰዓት ተኩል የተመዘነው ስንት ይከፈለዋል? 9 ሰዓት ተኩል የተመዘነውስ? እንዲህ ያሉ ምሳሌዎችን ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሙሏቸው። ጋሼ ባሻ «ቴስቱን ማን ጻፈው» ያሉት ይሄው ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ኮዱን አሥር ጊዜ እንደገና ቢጽፈው ግድ የለህም፤ ምሳሌዎቹን ካላለፈ አትቀበለውም። ቴስቶቹንም ራሱ ይጻፋቸው ካልክ ግን የራሱን ግምት በራሱ ግምት አረጋግጦ አረንጓዴ («አልፏል») ያሳይሃል።

የቂጦ ልጅ

ይሄ ጥሩ ነው። ግን በአማርኛ ይጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ? እኔ ስሞክር በእንግሊዝኛ የተሻለ ኮድ የሚወጣ ይመስለኛል። ወጪውም ቢሆን፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው የሚይዘው፣ የእንግሊዝኛው አንድ። ብዙ ሞዴሎች ላይ አማርኛው ብዙ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፉን የሚቆራርጥበትና ዋጋ የሚታሰብበት ቁራጭ) ይበላል።

ቴስት ይቀድማል

ዋናው ሰነድ እትዬ አንብበው «ይሄ ልክ አይደለም» ሊሉ በሚችሉበት ቋንቋ ይሁን። ለማሽኑ ስትተረጉም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥ። እንግሊዝኛውን ብቻ ይዘህ ከሄድክ የሚያርምህ ሰው የለም። የቶክኑ ዋጋ ምን ያህል ነው ብለህ ነው?

ሒርማታ ዲጂታል

ቋንቋ ካነሳችሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ የካሸር ማሽንና ማተሚያ ነው የምሸጠው። «ደረሰኝ ይታተማል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ተጠንቀቁ። በገበያ ያሉት አብዛኞቹ ትንንሽ የደረሰኝ ማተሚያዎች ውስጣቸው የግዕዝ ፊደል የለም። ኤአይ የሚጽፈው ኮድ ጽሑፉን ቀጥታ ይልከዋል፤ የሚወጣው የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ነው። ደረሰኙን እንደ ምስል አድርጎ መላክ ያስፈልጋል። ያኔ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ወረፋው ይረዝማል።

ገበሬዎቹ አብዛኞቹ የሚያነቡት አፋን ኦሮሞ መሆኑንስ ሰነዱ ይላል? ቁቤ ከሆነ ማተሚያው ላይ አያስቸግርህም። ግን ማንም ካልጠየቀ ደረሰኙ ባማርኛ ብቻ ይወጣል።

አዌቱ ማዶ

አይልም። የኮሚቴው ስብሰባ ግማሹ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚካሄደው፤ ሰነዱ ግን ስለ ቋንቋ አንድም ቃል የለውም።

ስም ፍለጋው ላይም ገጠመኝ። «መሐመድ» ብዬ ስፈልግ «መሀመድ» እና «መሃመድ» ተብለው የተመዘገቡት አይመጡም። እዚህ አገር ይሄ ስም ስንት ሰው እንዳለው ታውቃላችሁ። በአባል ቁጥር ይፈለግ ብል፣ ቁጥሩን የሚያስታውስ የለም።

ቴስት ይቀድማል

ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ አምጣቸው። «ሀ»ና «ሃ»ን፣ «አ»ና «ኣ»ንም እንዳትረሳ። የተጻፈው ስም ራሱ እንዳለ ይቀመጥ፤ የሰው ስም አይታረምም። ይህንንም እንደ አንድ ሪኳየርመንት ጻፈው። ከተነገረው ኤአይ ይሠራዋል፤ ካልተነገረው አያስበውም።

አባሪውን ማውጣትህ ደግሞ ጥሩ አደረግህ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የገበሬ ስም፣ ስልክና የባንክ ሒሳብ ለኤአይ በሚሰጥ በየትኛውም ጽሑፍ (ፕሮምፕት) ውስጥ አይለጠፍም። ለሙከራ የፈጠራ ስም በቂ ነው።

የቂጦ ልጅ

እሺ፣ ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ይሄን ሁሉ በኢርስ፣ በምሳሌ፣ በሠንጠረዥ ከጻፍን ሰነዱ ከኮዱ ሊረዝም ነው። ታዲያ ኮዱን ራሱን ብንጽፈው አይሻልም ነበር?

ባሻ ኮምፓይለር

አሁን ነው የመጣኸው። 😀

ፓሪስ ውስጥ 14ኛው የሜትሮ መስመር የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ ጀመረ፤ ባቡሩ ሹፌር የለውም። ለደኅንነት ወሳኝ የሆነው የሶፍትዌሩ ክፍል ቢ በሚባል በሒሳብ ቋንቋ ነው የተጻፈው። ከዚያ እየተረጋገጠ፣ በመጨረሻ ኤዳ ወደሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ ተቀየረ። ኮዱ 86 ሺህ መስመር ያህል ነው። የቢው ጽሑፍ ከ100 ሺህ መስመር በላይ ነው። አዎ፣ ሰነዱ ከኮዱ ረዘመ። ሰዎቹ ግን ያንን የመረጡት ስለሚወዱት አይደለም፤ ማረጋገጥ የሚችሉት ሰነዱን ስለሆነ ነው።

ያንተ ማኅበር ባቡር አይነዳም። ሁሉንም እንዲህ አትጻፍ። የአባል መመዝገቢያ ፎርም፣ የተጠቃሚ መግቢያ፣ የሪፖርት ገጽ፣ እነሱን እንደፈለገ ያውጣቸው፤ ቢሳሳትም ይታያል፣ ይታረማል። ብር የሚነካውን ግን፣ ሚዛን፣ ተቀናሽ፣ ዋጋ፣ ማስተካከያ፣ ክፍፍል፣ ቃል በቃል ጻፍ። ሳንቲሙ ወዴት እንደሚጠጋጋ ሳይቀር።

ሒሳብ ክፍል

እኛ ጋ ለገበሬው ይሞላለታል። ዝርዝር ሳንቲም ከየት ይመጣል ብላችሁ ነው።

ጳጉሜንም እንዳትረሱ። እሸት የለም፤ ወጪ ግን አለ። ባለፈው ሰው ያመጣልን ሶፍትዌር ላይ 12 ወር ብቻ ነበር፤ በጳጉሜ የከፈልነውን ደረሰኝ የት እናስገባው? በ4 ዓመት አንዴ ደግሞ 6 ቀን ትሆናለች።

አዌቱ ማዶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለኮሚቴው እንዲህ ብዬ ልጽፍ ነው፦ ጊዜው ሁለት ወር ነው፣ አልቀነስኩም፤ ክፍፍሉ ግን ተቀይሯል። የመጀመሪያው ወር ሚዛኑና ሒሳብ ክፍሉ አጠገብ ነው። ከዚያ የሚወጣውን ደንብና ምሳሌ ኮሚቴው ፈርሞ ያጸድቃል። በሁለተኛው ወር ኮዱን ኤአይ ያግዘኛል፣ እኔ እፈትሻለሁ፤ አንዱ ሳምንት ለማተሚያው ብቻ። «ሁለት ወር ለምን» ላሉት አባል የቀዩን ቁልፍና የዋጋውን ነገር ስክሪን ላይ አሳያቸዋለሁ። ይበቃቸዋል ብዬ አስባለሁ።

እትዬ ሒሳብ ክፍል፣ የዚህኛው ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ገና አልተቀጠረም። ካላስቸገርኩ የእርስዎን መዝገብ ባየው ደስ ይለኛል።

ሒሳብ ክፍል

ቅዳሜ ከሰዓት ና። ሊቀመንበሩን አስፈቅዳለሁ። እዚያው ቁጭ ብለህ ታያለህ፤ ፎቶ ማንሳት ግን የለም። የሰው ሒሳብ ነው።

የቂጦ ልጅ

እትዬ፣ እኔም ልምጣ? ለፕሮጀክቴ ይጠቅመኛል።

ሒሳብ ክፍል

ና። ግን ወንበር ሁለት ብቻ ነው፣ አንደኛው የኔ ነው።